በ2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶችና ሕፃናቱ



ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ሞቱት ሰዎች፣ ስለ ሆስፒታሎቹ መጨናነቅ፣ ስለ ንግዱ መቀዝቀዝና ስለ ክትባቱ ሁላችንም የሰማነው አለ። ነገር ግን ወረርሽኙ ሲያልፍ አብሮ ያላለፈ፣ ዛሬም በየመማሪያ ክፍሉ ተቀምጦ የሚገኝ አንድ ጉዳት አለ። ይኸውም ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ወራት ገና ማንበብና መጻፍ በመልመድ ላይ የነበሩት ሕፃናት ያጡት ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የጉዳቱን መጠንና ምክንያት፣ እንዲሁም መድኃኒቱን እንደ ዐቅሜ ለመመርመር እሞክራለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። እናቴ ከቀበሌ የመጣ አንድ ወረቀት ይዛ ገባችና አጠገቧ የተቀመጠውን ታናሽ ወንድሜን አልፋ ለእኔ ሰጠችኝ። ወንድሜ በዚያ ዓመት 6ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ነው። «ለምን እሱ አያነብልሽም?» ብላት ሳቅ ብላ «እሱማ እስኪጨርሰው ይመሻል» አለችኝ። እኔም ወረቀቱን ሰጠሁት። የመጀመሪያው ቃል «ስብሰባ» የሚል ነበር። ልጁ «ስ»ን ለማግኘት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ» ብሎ ቈጠረ፤ «ብ»ን ለማግኘት ደግሞ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ» አለ። እንዲህ እያለ አራተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ምን እንደ ነበረ ረስቶታል። ወረቀቱን መለሰልኝና ወደ ውጭ ወጣ።

ወንድሜ ሰነፍ አይደለም፤ ዐይኑም ጆሮውም ደኅና ነው። በ2012 ዓ.ም. የ1ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ፊደሉን በዜማ በተራ ማለት ከለመደ በኋላ ፊደሉን ከተራው አውጥቶ ወደ መለየት ገና ሊሸጋገር ሲል በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኔ በዚያው ዓመት 8ኛ ክፍል ነበርሁ። ለሚኒስትሪ ፈተና እዘጋጃለሁ እያልሁ ከሰባት ወር ያላነሰ ጊዜ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ተቀመጥሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ፊደል አላስቈጠርሁትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

የአንድ ቤት ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስሁ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉትን ጥናቶች ማንበብ ጀመርሁ። ከእነርሱ ያገኘሁት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ትልቁ ኪሳራ የደረሰው ትምህርት ቤቶቹ በተዘጉባቸው ወራት ብቻ አይደለም። ይልቁንም ከተከፈቱ በኋላ፣ ትምህርቱ ልጁ ካቆመበት ላይ ሳይሆን ሊደርስበት ይገባ ከነበረው ላይ በመቀጠሉ ነው።

ሀ) የተዘጋው እንዴት ነበር?

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጀመሪያ የተነገረው ለ15 ቀን ነበር። አሥራ አምስቱ ቀን ወር ሆነ፤ ወሩ ክረምትን ተሻገረ፤ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችም በየቤታቸው ቀሩ። ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ነው። በትግራይ የነበሩት ልጆች ግን ይህንንም አላገኙም፤ የወረርሽኙ መዘጋት ሳያበቃ ጦርነቱ ስለ ተተካበት ብዙዎቹ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እንደ ቈጠረው፣ መዘጋቱ በበረታበት ጊዜ ከ190 በሚበልጡ አገሮች 1.6 ቢሊዮን ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለይተው ነበር። በጎረቤታችን አካባቢ በምትገኘው በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ተዘግተው በሙሉ የተከፈቱት በጥር 2022 ነው። በመካከሉ አንዳንድ ክፍሎች ቢከፈቱም፣ አንድ የኡጋንዳ ሕፃን ሁለት ዓመት ያህል መምህሩን ሳያይ ቈይቷል ማለት ነው።

መዘጋታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለዚህ በሽታ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። በአንድ ክፍል 60 እና 70 ልጅ በሚታጨቅበት፣ ልጁም ማታ ከአያቱ ጋር በአንድ መደብ በሚተኛበት አገር የመንግሥት ሹማምንት ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። በኋላ ግን ሕፃናት በዚህ በሽታ በጽኑ የሚታመሙት ከአዋቂዎች እጅግ ባነሰ ቍጥር መሆኑ ታወቀ። ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ትምህርት ቤቶቿን በጠቅላላው አልዘጋችም፤ ከ97 ሺህ በሚበልጡ የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቿ ንባብ ላይ በተደረገው ጥናትም ጉድለት አልተገኘም። ይህን የምጠቅሰው በሠሩት ላይ ለመፍረድ ሳይሆን ጉድለቱ ከበሽታው ሳይሆን ከመዘጋቱ የመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ለ) ትምህርት ቤት ለሕፃን የሚሰጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት ብቻ ይመስለዋል። እንደዚህ ከሆነማ መጽሐፉን ወደ ቤት መላክ በበቃ ነበር። ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን ለሕፃን የሚሰጠው ነገር ቢያንስ አራት ነው።

መጀመሪያ፣ ጊዜ ይሰጠዋል። የገበሬ ልጅ በቤቱ እስካለ ድረስ እረኛ ነው፤ ልጃገረድ ከሆነች ውሃ ቀጂና ልጅ አዛይ ናት። በከተማም ሊስትሮ ሣጥን የሚይዝ፣ የእናቱን ጉሊት የሚጠብቅ ልጅ አለ። «ትምህርት ቤት ሄዷል» የሚለው ቃል ብቻ ነው ለግማሽ ቀን ከሥራ ነጻ የሚያወጣው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያ ፈቃድ አብሮ ተዘጋ።

ሁለተኛ፣ የሚሰማው ጆሮ ይሰጠዋል። ንባብ የሚለመደው ልጁ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብና የሚያውቅ ሰው ስሕተቱን በዚያው ቅጽበት ሲያቃናለት ነው። በክፍሉ ውስጥ መምህሩ ባይደርስለት እንኳ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው «ቤ አይደለም፣ ብ ነው» ይለዋል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ባሉበት ቤት ይህ ጆሮ የለም። ልጁ ቢሳሳት የሚያውቅበት የለም፤ ቢያውቅም የሚያመሰግነው የለም።

ሦስተኛ፣ ምግብ ይሰጠዋል። ይህ የሚያስደንቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዓለም የምግብ ፕሮግራም እንደ ገመተው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 370 ሚሊዮን ሕፃናት በትምህርት ቤት ያገኙት የነበረው ምግብ ቀረባቸው። በአዲስ አበባም የተማሪዎች ምገባ ገና በመስፋፋት ላይ ሳለ ነበር ወረርሽኙ የመጣው።

አራተኛ፣ ጥበቃ ይሰጠዋል። በተለይ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት አጥር ነው። በክፍሏ የምትታይ ልጅ ድንገት ብትጠፋ መምህሯና ጓደኞቿ ይጠይቃሉ፤ ሊድሯት ቢያስቡም ጉዳዩ ይሰማል። በቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕጉን በመንደር የሚያስጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ የክፍል ስም መጥሪያ ነው። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2014 በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው ሲከፈቱ ብዙ ልጃገረዶች ፀንሰው ተገኙ። መንግሥቱ ጭራሽ እርጉዝ መሆናቸው የሚታወቅ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት እንዲከለከሉ አደረገ፤ ክልከላው የተነሣው በ2020 ነው። እንግዲህ በዚያ ጊዜ ያለ ጥፋታቸው ሁለት ጊዜ የተቀጡ ልጆች ነበሩ።

ሐ) በርቀት የተሰጠው ትምህርት

ትምህርት ቤቶቹ ሲዘጉ ባለሥልጣኖቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን፣ ለታችኛዎቹ ክፍሎች በራዲዮ ትምህርት ይተላለፍ ነበር። በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች የግል ትምህርት ቤቶች ጥያቄና ማስታወሻ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ይህ ሁሉ ከምንም ይሻላል። ሆኖም ለማን ደረሰ?

በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከከተማ ቤቶች 93 በመቶው ኤሌክትሪክ ሲኖራቸው፣ ከገጠር ቤቶች ያላቸው 8 በመቶው ብቻ ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ የተሻሻለ ነገር መኖሩ ባይካድም፣ የአገራችን ሕፃናት አብዛኞቹ ያሉት በገጠር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከጣቢያው የወጣውን ያህል ከልጁ ዘንድ አልገባም።

መሣሪያው ቢኖርስ? በርቀት ለሚሰጥ ትምህርት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ መሣሪያ፣ አጠገብ ሆኖ የሚያግዝ አዋቂ፣ እንዲሁም የልጁን መልስ ሰምቶ የሚያርም መምህር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለተኛውን ከራሱ ያመጣል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ሊያመጣው አይችልም። ራዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ «ሰ»ን «ለ» ብሎ ቢያነብ ራዲዮው ትምህርቱን ይቀጥላል።

በዚህ ረገድ ከብራዚል የመጣው ጥናት የሚያስተምረን አለ። በሳኦ ፓውሎ ክፍለ አገር የመንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በርቀት የተማሩት ልጆች፣ በክፍል ተቀምጠው ቢሆን ይማሩት ከነበረው ያገኙት 27.5 በመቶውን ያህል ብቻ መሆኑን ተመራማሪዎች በ2022 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ትምህርት አቋርጦ የመቅረት ሥጋትም ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሮ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ከእኛ ታናናሾች ዕድሜያቸው ከፍ ያለ፣ አገራቸውም ከእኛ ይልቅ መሣሪያ የበዛላት ነበረች።

በመሣሪያው ላይ ብዙ መቀመጥ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በቻይና በፌይቼንግ ከተማ የሕፃናት ዐይን በየዓመቱ በትምህርት ቤት ይመረመር ነበር። ከ2015 እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ከስድስት ዓመት ልጆች መካከል የሩቁን አጥርተው የማያዩት ከ5.7 በመቶ አልፈው አያውቁም፤ ልጆቹ ለወራት ከቤት ሳይወጡ ከቈዩ በኋላ በ2020 ሲመረመሩ 21.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። የሕፃን ዐይን በትክክል እንዲያድግ የቀን ብርሃንና የሩቅ እይታ ያሻዋል፤ የቤት ግድግዳ ሁለቱንም ይከለክለዋል።

መ) ጉድለቱ በቍጥር ሲለካ

ጉድለቱን በጥንቃቄ ከለኩት ጥናቶች አንዱ የሆላንድ ነው። በዚያ አገር ትምህርት ቤቶች የተዘጉት ለስምንት ሳምንት ብቻ ነበር። ቤቶቹ ከሞላ ጐደል ሁሉ ኢንተርኔት አላቸው። ተማሪዎቹ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎና ከተከፈተ ጥቂት ቈይቶ ፈተና ስለ ወሰዱ ማመዛዘን ተቻለ። 350 ሺህ ያህል የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ውጤት ሲመረመር፣ የጐደላቸው የዓመቱ ትምህርት አንድ አምስተኛ ያህል ሆነ። አንድ አምስተኛ ማለት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቈየበት ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ልጆቹ በቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት የተማሩት ከምንም የማይቈጠር ነበር። ወላጆቻቸው ዝቅተኛ ትምህርት ባላቸው ቤቶች ጉድለቱ እስከ 60 በመቶ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ ይህን እናስተውል። ለርቀት ትምህርት ከሁሉ ይልቅ በተዘጋጀ አገር፣ በአጭሩ መዘጋት፣ ውጤቱ ይህ ከሆነ፣ ኩራዝ ለኩሶ በሚያጠና ልጅ ላይ የሰባት ወሩ መዘጋት ምን ያደርጋል?

በአሜሪካም ነገሩ ታይቷል። በዚያ አገር የ9 ዓመት ልጆች ንባብና ሒሳብ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ዓይነት ፈተና ሲለካ ኖሯል። በ2022 የሒሳቡ ውጤት ከ2020ው በ7 ነጥብ ዝቅ አለ፤ ፈተናው ከተጀመረ ወዲህ ሒሳቡ እንዲህ ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። ንባቡም በ5 ነጥብ ወረደ። ከሁሉ ይልቅ የወረዱት ደግሞ ቀድሞም ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ጥናቶች አንድ የሚደጋገም ነገር እናያለን። ወረርሽኙ ባለጠጋና ድኻ አይለይም ይባል ነበር፤ የትምህርት ቤት መዘጋት ግን አጥርቶ ይለያል። ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን የተማረችው እናት ልጅና ያልተማረችው እናት ልጅ ቢያንስ ለግማሽ ቀን አንድ መምህር፣ አንድ ሰሌዳ ይካፈላሉ። ሲዘጋ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ዕውቀት ይመለሳል።

ሠ) ከተከፈተ በኋላስ?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። «ሰባት ወር ነው የባከነው፤ ይህ ልጅ ገና ዐሥር ዓመት ይማራል፤ ይካካሳል» የሚሉ አሉ። እኔም ራሴ እንዲሁ አስብ ነበር። ይህን አሳቤን ያፈረሰው ከወረርሽኙ በፊት በፓኪስታን የተደረገ አንድ ጥናት ነው።

በ2005 (እ.ኤ.አ.) በመስከረም ማብቂያ በፓኪስታን ሰሜናዊ ክፍል ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች 14 ሳምንት ያህል ተዘግተው ቈዩ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ቦታው ሄደው ሲያዩ ቤቶቹ ታድሰዋል፤ በተሰጠው ርዳታ ሰዎቹ በኑሮ ከሌላው አካባቢ አላነሱም፤ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰዋል። ሲፈተኑ ግን አደጋው ከደረሰበት ስፍራ አጠገብ የኖሩት ልጆች ራቅ ብለው ከኖሩት በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። የተዘጋው ሦስት ወር ከጥቂት፣ የጐደለው ዓመት ከመንፈቅ! ጉድለቱ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ሲያድግ ኖሯል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። መምህሩ የሚያስተምረው የተሰጠውን መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የ2ኛ ክፍል ልጅ ፊደል ለይቷል ብሎ ይነሣል፤ የ3ኛ ክፍሉ ደግሞ ዐረፍተ ነገር ያነባል ብሎ ይነሣል። ፊደል ያልለየ ልጅ በ2ኛ ክፍል ከሚሰጠው ግማሹን ያጣል፤ በ3ኛ ክፍል ከዚያ ይበልጣል፤ በ5ኛ ክፍል ሳይንሱም ታሪኩም በንባብ ስለሚሰጥ ሁሉንም ያጣል። መሠረቱ ላይ አንድ ድንጋይ የጐደለው ግንብ በየደረጃው ይበልጥ እንደሚያጋድል ማለት ነው።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ፣ ያመለጣቸውም በጥቂት ሳምንታት እንዲካካስ ተወሰነ። ልጆቹን ዓመት ከማባከን ለማዳን የታሰበ በጎ አሳብ ነበር። ነገር ግን የ1ኛ ክፍል ልጅ ያመለጠው በሳምንታት የሚነገር ወሬ ሳይሆን በየቀኑ ተደጋግሞ የሚለመድ ልማድ ነበር። እንዲህ ሆኖ ወንድሜ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ እያለ አለፈ። ክፍሉ አለፈ እንጂ እርሱ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. አላለፈም።

እዚህ ላይ ግን ከመጠን ያለፈ ነገር እንዳንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚያ ተፈታኞች ወረርሽኙ ሲገባ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ፈተናው ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው እንዲሰጥ መደረጉና በብዙ ስፍራ ጦርነት መኖሩ አብሮ መቈጠር አለበት። ከወረርሽኙም በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንድ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ተስኗቸው ነበር። ስለዚህ ወረርሽኙ በሽታውን አላመጣውም፤ የነበረውን አባሰው እንጂ።

ከፓኪስታኑ ጥናት አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። ከእነዚያ ልጆች መካከል እናቶቻቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የጨረሱት አልተጐዱም። እነዚህ እናቶች ፕሮፌሰሮች አልነበሩም፤ ማንበብ የሚችሉና ከልጃቸው አጠገብ የሚቀመጡ ነበሩ። በቤት ውስጥ አንድ ማንበብ የሚችል ሰው መኖሩ ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ በእኛ ቤት ያ ሰው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ አያሻኝም።

ረ) መድኃኒቱ

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በቦትስዋና በ2020 (እ.ኤ.አ.) ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ 4,500 ያህል ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው በሦስት ተከፈሉ። ለአንዱ ክፍል በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በእጅ ስልክ ጽሑፍ ተላከ፤ ለሁለተኛው ክፍል ከጽሑፉ ጋር 20 ደቂቃ ያህል ስልክ እየተደወለ ልጁ ጥያቄውን ሲሠራ ይሰማ ነበር፤ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። ጽሑፍ ብቻ የተላከላቸው ያገኙት ጥቅም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የተደወለላቸው ግን በግልጽ ተሻሻሉ። በሳምንት 20 ደቂቃ የሚሰማ ሰው መገኘቱ ብቻ ነበር ልዩነቱ። በተራው ስልክም ይሠራ ነበር።

በህንድ ደግሞ ፕራታም የተባለው ድርጅት ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ አለ። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ክፍላቸው ይቀርና በሚያውቁት መጠን ይመደባሉ፤ ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል የሚያነበው ከቃል፣ ታሪክ የሚያነበው ከታሪክ ይጀምራል። የ5ኛ ክፍል ልጅ ከ3ኛ ክፍል ልጅ ጋር ቢቀመጥ ነውር የለውም።

ይህ ዘዴ ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። በየኔታ ዘንድ ተማሪ ፊደል ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ሳያውቅ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ያንንም ሳያደላድል ወደ ዳዊት አይሻገርም። አቡጊዳ ራሱ ለምን ተሠራ? በሀሁ ተራ ፊደሉን በቃሉ የያዘው ልጅ ተራው ሲዛባበት ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ነው። ወንድሜ ያጣው ይህችን አንዲት እርምጃ ነበር። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ሳያጠና ሉሑ አይታጠብለትም። በሁለቱም ቤት አንዱ ተማሪ ሰባት ዓመቱ፣ ሌላው ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቀው ዕድሜው ሳይሆን የደረሰበት ነው። በሁለቱም ዘንድ ቀደም ያለው ተማሪ ኋለኛውን ያስቀጽላል። ዱላው ይቅርና ይህን ብንወስድ በወደድሁ።

ሰ) የእኛ ድርሻ

በ1957 ዓ.ም. የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ሲጀመር፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። እኛ የምንጠየቀው የአንድ ዓመት አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ ሁለት ወር ያህል እንቀመጣለን። በእያንዳንዳችን ቤት ወይም ጎረቤት በ2012 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የነበረ ልጅ አለ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የካርቶን ወረቀት ቈርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍሁ። ፊደሎቹን በተራቸው ሳይሆን አደባልቄ በየማታው 20 ደቂቃ እያሳየሁ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ተራውን ሊቈጥር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ካርቶኑን እገለብጠዋለሁ፤ እንደ ገና አሳየዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ የእቃ መጠቅለያ ጽሑፍ፣ በመጨረሻ ከ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንዲት አንቀጽ አነበበ። ትልቁ ችግር ፊደሉ ሳይሆን እፍረቱ ነበር፤ የ6ኛ ክፍል ልጅ በ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሲያጐነብስ ጓደኞቹ እንዳያዩት በር ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ለእርሱ ብቻ የሆነ ሰዓትና ስፍራ ማግኘት የግድ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ገና ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፤ ከዕድሜው ጋር የሚስተካከል አይደለም። ነገር ግን ከተራው ቈጥሮ አያነብም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከክረምቱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የፊደል ካርዶችንና አንድ ገጽ የማንበቢያ ጽሑፍ እንዲይዝ እናዘጋጅ፤ በየቋንቋው የሚያዘጋጁ ልጆች ከመካከላችን አይጠፉም። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ልጅ ይያዝ፤ ከሁለት በላይ አያስፈልግም። መጀመሪያ ልጁ የቱ ላይ እንደ ቆመ ይወቅ፤ ከዚያ ላይ ይጀምር፤ በቀን 20 ደቂቃ ያስነብበው፤ ስንመለስም ያየነውን ተሰብስበን እንነጋገርበት። ይህ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ አይተካም፤ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆችን በደረሱበት መጠን መድቦ ማስተማር የመንግሥት ፈንታ ነው፤ ይህንንም በጽሑፍ ልንጠይቅ ይገባናል። እስኪሆን ድረስ ግን እነዚያ ልጆች በየዓመቱ አንድ ክፍል እያለፉ፣ ከመጽሐፋቸውም በየዓመቱ እየራቁ ነው።

በዚያን ጊዜ 1ኛ ክፍል የነበሩት በ2019 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል ይደርሳሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። እንጨቱ መድረቅ ጀምሯል፤ ገና ግን አልደረቀም።